ኢምፕላንት የተጨመረበት የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ በኮምፒውተር ሲመረመር፦ ጫናው ወዴት ይሄዳል?

የኋላ መንጋጋ ጥርሶቹን በሙሉ ላጣ ሰው የሚወልቅ ከፊል ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ፣ ሥራውን አስቸጋሪ የሚያደርገው የጠፉት ጥርሶች ብዛት ሳይሆን ሰው ሠራሹ ጥርስ የሚቆምበት መሠረት ነው። ከፊት በኩል የሚደገፍበት የተፈጥሮ ጥርስ ተርፏል፤ ከኋላ በኩል ግን ምንም ጥርስ ስለሌለ በድድ ላይ ከመተኛት ሌላ ምርጫ የለውም። ኤድዋርድ ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጣውና እስከ ዛሬ በሚሠራበት አመዳደብ፣ ይህ ሁኔታ በመንጋጋው ግራና ቀኝ ሲያጋጥም አንደኛ ምድብ፣ በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ሁለተኛ ምድብ ይባላል። ክፍተቱ ከፊትም ከኋላም በተረፉ ጥርሶች የታጠረ ሲሆን ሦስተኛ ምድብ ይሆናል። ሦስተኛው ምድብ ከሁለቱ የቀለለ የሆነው ሰው ሠራሹ ጥርስ በሁለቱም ጫፍ ስለሚደገፍ ነው።

የልዩነቱን መጠን ቁጥሮቹ ያሳያሉ። ጤናማ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር አልተጣበቀም፤ በሥሩና በአጥንቱ መካከል ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጅማት ስላለ፣ ሲነከስበት ከ25 እስከ 100 ማይክሮሜትር ያህል ወደ ታች ይሰምጣል፤ አንድ ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ጥርስ የሌለበትን አጥንት የሸፈነው ድድ ግን በተመሳሳይ ጫና ከዚህ በብዙ እጥፍ ይጨመቃል፤ ለስላሳና ወፍራም ሲሆን ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሊጠጋ ይችላል። በድድ ላይ ተቀምጦ ሰው ሠራሾቹን ጥርሶች የሚሸከመውን ክፍል ከዚህ በኋላ ኮርቻ እንበለው። ኮርቻው ከኋላ ሲሰምጥ ከፊት ባለው ጥርስ ላይ የተንተራሰችው ትንሽ የብረት ማረፊያ የመዞሪያ ነጥብ ትሆናለች፣ ጥርሱን ያቀፈው የብረት ክንድም ጥርሱን ያጋድለዋል። በእያንዳንዱ ጉርሻ ይህ ሲደጋገም ደጋፊው ጥርስ መላላት፣ ከኮርቻው በታች ያለው አጥንትም ቀስ በቀስ መመናመን ሊጀምር ይችላል።

ኢምፕላንት፣ ማለትም በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል የቲታኒየም ብሎን፣ ወደዚህ የገባው ከኋላ የጎደለውን ድጋፍ እንዲተካ ነው። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሬኔማርክ ቲታኒየም ከሕያው አጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ከተገነዘበ በኋላ የመጀመሪያውን ታካሚ እ.ኤ.አ. በ1965 በኢምፕላንት ያከመ ሲሆን፣ ዘዴው በመጀመሪያ ያገለገለው በአብዛኛው ለማይወልቁ ቋሚ ሰው ሠራሽ ጥርሶች ነበር። በኋላ ግን በእያንዳንዱ ኮርቻ ሥር አንድ ኢምፕላንት ብቻ በመትከል የሚወልቀውን ጥርስ ባሕርይ መለወጥ እንደሚቻል ታየ። የቋሚ ጥርስ ድልድይ የሚጠይቀውን ያህል ኢምፕላንት ለመትከል በቂ አጥንት ለሌለው፣ ወይም ሰፊ ቀዶ ጥገናውን ለማይፈልግ ሰው ይህ መካከለኛ መንገድ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ አንደኛ ምድብ የነበረው አፍ ወደ ሦስተኛ ምድብ ተቀየረ ማለት ነው።

ነገሩ ግን በወረቀት ላይ እንደሚታየው አያበቃም። ኢምፕላንት በዙሪያው ጅማት ስለሌለው ቀጥ ብሎ ሲጫን የሚሰምጠው ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሁን በሦስት የተለያዩ ነገሮች ላይ ቆሟል፦ በብዙ በሚሰምጥ ድድ፣ በጥቂቱ በሚሰምጥ ጥርስና ከሞላ ጎደል በማይሰምጥ ቲታኒየም። አንዱ እግሩ ድንጋይ ላይ፣ ሌሎቹ ፍራሽ ላይ የቆሙ ጠረጴዛ ላይ የተጫነ ዕቃ ክብደቱን የሚያሳርፈው በድንጋዩ ላይ እንደሆነ ሁሉ፣ የማኘክ ኃይልም የሚሮጠው ግትር ወደሆነው ድጋፍ ነው። ኢምፕላንቱ ድዱንና ጥርሱን ሲያሳርፍ ሸክሙን ራሱ ይረከባል፤ ሸክሙን የሚያስተላልፈውም ለተቀበለው አጥንት ነው። እንግዲህ ኢምፕላንቱ የት ይተከል፣ ምን ያህል ይርዘም፣ ከሰው ሠራሹ ጥርስ ጋር በምን ይያያዝ፣ የብረት ክንዱስ ምን ዓይነት ይሁን የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ በመጨረሻ ሸክሙ ለማን ምን ያህል ይከፋፈል የሚል አንድ ጥያቄ ይሆናሉ።

ይህን በሕያው ሰው አፍ ውስጥ መለካት አይቻልም ማለት ይቀላል። ጥቃቅን መለኪያዎችን በብረት ወይም በሰው ሠራሽ አጥንት ገጽ ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ መለኪያው የሚነግረው ግን ስለተለጠፈበት ነጥብ ብቻ ነው። በኢምፕላንቱ አንገት ዙሪያ፣ በአጥንቱ ውስጥ ያለውን ነገር ለማየት ስሌት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው ስሌት ፋይናይት ኤለመንት የሚባለው ሲሆን፣ በአማርኛ የውሱን ክፍልፋዮች ዘዴ ልንለው እንችላለን። ዘዴው የተወለደው በጥርስ ሕክምና ውስጥ አይደለም፤ ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲንና ቶፕ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተሙት ጥናት የአውሮፕላን አካላትን ግትርነት ለማስላት ያዳበሩት ነው፤ ስያሜውንም ሬይ ክላፍ በ1960 ሰጠው። ወደ ጥርስ ሕክምና የገባው በ1970ዎቹ ነው።

አሠራሩ በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው። ቅርጹ ውስብስብ የሆነ አካል፣ ለምሳሌ የታችኛው መንጋጋ፣ ሲጫን ምን እንደሚሆን በአንድ ቀመር ማስላት አይቻልም። ነገር ግን መንጋጋው በሐሳብ ወደ ብዙ መቶ ሺህ ጥቃቅን ባለ አራት ፊት ክፍልፋዮች ቢቆራረጥ፣ የእያንዳንዱ ክፍልፋይ ባሕርይ በቀላል ቀመር ይገለጻል፤ ክፍልፋዮቹ በጫፋቸው ስለሚጋጠሙም የአንዱ መንቀሳቀስ ጎረቤቱን ያንቀሳቅሳል። ኮምፒውተሩ እነዚህን ሁሉ ቀመሮች አንድ ላይ ፈትቶ እያንዳንዱ የመጋጠሚያ ነጥብ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ያገኛል። ከመንቀሳቀሱ የቅርጽ ለውጡ፣ ከቅርጽ ለውጡ ደግሞ ውጥረቱ ይሰላል። ውጥረት ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ የሚያርፈው ውስጣዊ ኃይል ነው፤ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 1 ኒውተን ሲሆን 1 ሜጋፓስካል ይባላል። የመንጋጋው ቅርጽ አብዛኛውን ጊዜ ከሲቲ ስካን ምስል ይወሰዳል፤ የሚወልቀው ጥርስ የብረት አካል፣ ኮርቻውና ኢምፕላንቱ ደግሞ በንድፍ ሶፍትዌር ይሣላሉ።

ኮምፒውተሩ የሚሰጠው መልስ የሚወሰነው ግን ከቅርጹ ይልቅ በሚነገረው የግትርነት ቁጥር፣ ማለትም እያንዳንዱ ነገር ሲጫን ቅርጹን ላለመለወጥ በሚቋቋምበት መጠን ነው። ለቲታኒየም 110 ጊጋፓስካል ገደማ (አንድ ጊጋፓስካል 1,000 ሜጋፓስካል ነው)፣ የብረት አካሉ ለሚሠራበት ኮባልት ክሮም ቅይጥ ከ200 በላይ፣ ለአጥንቱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን 13.7፣ ለውስጠኛው ስፖንጅ መሰል አጥንት ደግሞ 1.37 ጊጋፓስካል በብዙ ጥናቶች ውስጥ ሲደጋገሙ የሚታዩ ቁጥሮች ናቸው። ለብረቶቹ ቁጥሩ የታመነ ነው፤ ለአጥንቱም ቢሆን ብዙ አያወዛግብም። አሳሳቢዎቹ ሁለቱ ለስላሳ ነገሮች፣ የጥርሱ ጅማትና ድዱ ናቸው። ለጅማቱ ከ0.1 ሜጋፓስካል ካነሰ ቁጥር ጀምሮ ከ1,000 እስከሚበልጥ ድረስ ተሰጥቶት ያውቃል፤ ለድድም ከ1 ሜጋፓስካል በታች ጀምሮ ወደ 20 እስከሚጠጋ ድረስ የተለያዩ ቁጥሮች አገልግለዋል።

ይህ ልዩነት ምን እንደሚያስከትል በወረቀትና በእርሳስ ማየት ይቻላል። አንድ ሰው በ100 ኒውተን፣ ማለትም 10 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ዕቃ በሚያሳርፈው ጫና፣ ቢነክስና ጫናው 500 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ኮርቻ ላይ እኩል ቢሰራጭ፣ ድዱ ላይ የሚደርሰው 0.2 ሜጋፓስካል ይሆናል። ድዱ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1 ሜጋፓስካል ግትርነት አለው ካልን በ20 በመቶ ይጨመቃል፤ ኮርቻውም 0.4 ሚሊ ሜትር ይሰምጣል። ግትርነቱ 10 ሜጋፓስካል ነው ካልን ግን የሚሰምጠው 0.04 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 40 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ አንድ ጤናማ ጥርስ የሚሰምጠውን ያህል ነው። በመጀመሪያው ግምት የተነሳ ተመራማሪ ኢምፕላንቱ ሁሉንም እንዳዳነ፣ በዚያውም ከባድ ሸክም እንደተረከበ ያገኛል። በሁለተኛው ግምት የተነሳው ግን መጀመሪያውኑ መፍትሔ የሚሻ ትልቅ ችግር አያገኝም። እውነተኛው ድድ በዚህ ስሌት ልክ አይደለም፤ በውስጡ ብዙ ፈሳሽ ስላለው ዙሪያውን ሲታገድ በቀላሉ አይጨመቅም፣ መጀመሪያ ለስላሳ ሆኖ ጫናው ሲጨምር እየጠነከረ ይሄዳል፣ ጫናው ሲነሳለትም ወዲያው ወደ ቦታው አይመለስም። የሁለቱ ግምቶች መራራቅ ግን በተሟላው ሞዴል ውስጥም ይቀጥላል። አንድን ጥናት ለመገምገም የሚፈልግ አንባቢ ከባለቀለሙ ሥዕል በፊት የግትርነት ቁጥሮቹን ሠንጠረዥ ፈልጎ ቢያነብ ይሻላል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሎች ግምቶችም አሉ። ኮርቻው ከድዱ ጋር እንደተጣበቀ ተደርጎ ነው የተሰላው፣ ወይስ ሊንሸራተትና ሊነሣ ይችላል? ተጣብቋል ብሎ ማስላት ለኮምፒውተሩ ይቀለዋል፤ ውጤቱ ግን ከእውነቱ ይርቃል፤ ምክንያቱም የሚወልቅ ጥርስ፣ ስሙ እንደሚለው፣ አልተጣበቀም። የማረፊያውና የክንዱ ብረትም ከጥርሱ ጋር መነካካት እንጂ መዋሐድ የለበትም። ኢምፕላንቱ ከአጥንቱ ጋር መቶ በመቶ ተዋሕዷል የሚለው የተለመደ ግምትም እውነታውን ያሳምራል፤ በሕያው አጥንት ውስጥ የቲታኒየሙ ገጽ በሙሉ አጥንት አይነካውም። የጫናው አቅጣጫም ወሳኝ ነው። ማኘክ ቀጥ ያለ መውረድ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎን መግፋትም ስላለበት፣ ቀጥ ያለ ኃይል ብቻ የሞከረ ጥናት የጥያቄውን ቀላል ግማሽ ነው የመለሰው። በ30 ወይም በ45 ዲግሪ የዘመመ ኃይል ሲሞከር በኢምፕላንቱ አንገት ዙሪያ ያለው ውጥረት በጉልህ ይጨምራል፤ ኢምፕላንት ቁልቁል ሲጫን ብርቱ፣ ወደ ጎን ሲገፋ ደግሞ አንገቱ ላይ የሚጨነቅ ነገር ነውና።

ውጤቱ ሲመጣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም የተቀባ መንጋጋ ይታያል። ቀዩ ከፍተኛ ውጥረት ያለበት ነው፤ ነገር ግን ቀይ ማለት አደጋ ማለት አይደለም፤ በዚያ ሥዕል ውስጥ ካለው ሁሉ የበለጠ ማለት ብቻ ነው። የቀለሙ መለኪያ ከሥዕል ወደ ሥዕል ሊቀያየር ስለሚችል፣ ሁለት ንድፎች ጎን ለጎን ሲቀርቡ መጀመሪያ የሚጣራው መለኪያቸው አንድ መሆኑ ነው። በብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ የሚቀርበው የፎን ሚዜስ ውጥረት ሪቻርድ ፎን ሚዜስ እ.ኤ.አ. በ1913 ካቀረበው መመዘኛ የመጣና ለብረት የሚስማማ ነው። ለኢምፕላንቱና ለብረቱ አካል ትክክለኛ መለኪያ ነው፤ አጥንት ግን መጨመቅን ከመለጠጥ በተሻለ ስለሚቋቋም፣ መጨመቁንና መለጠጡን ለይቶ የሚያሳይ ስሌት ይበልጥ ይስማማዋል። በሾሉ ማዕዘኖች ላይ የሚታየው እጅግ ከፍተኛ ቁጥርም በጥርጣሬ መታየት አለበት፤ ክፍልፋዮቹ እየደቀቁ ሲሄዱ ቁጥሩ ሳያቆም የሚያድግ ከሆነ ምንጩ የሥዕሉ ማዕዘን እንጂ የታካሚው አጥንት አይደለም። ጠንቃቃ ተመራማሪ ክፍልፋዮቹን ደጋግሞ እያደቀቀ ውጤቱ መለዋወጡን ሲያቆም ብቻ ያምነዋል።

ቁጥሩ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት የሚለውን ለመመዘን አንድ መነሻ አለ። ሃሮልድ ፍሮስት የአጥንትን ለጫና የሚሰጠውን ምላሽ ባብራራበት ንድፈ ሐሳብ፣ አጥንት ከርዝመቱ 0.3 በመቶ ገደማ በላይ ቅርጹ ሲለዋወጥ ጉዳቱ ከጥገናው ሊቀድም እንደሚችል አመልክቷል። ግትርነቱ 13,700 ሜጋፓስካል በሆነው ጠንካራ አጥንት ይህ ወደ 41 ሜጋፓስካል ይመጣል። ድንበሩ ለእያንዳንዱ ሰው መንጋጋ በትክክል የተሠመረ መሥመር አይደለም፤ ሆኖም ለአስተያየት ይረዳል። አንዱ ንድፍ 8፣ ሌላው 12 ሜጋፓስካል ቢያሳዩ ሁለተኛው በ50 በመቶ ይበልጣል ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ አጥንቱ ግን በሁለቱም ጫና የሚቸገር ላይሆን ይችላል። በመቶኛ ብቻ የሚናገር መደምደሚያ ሲያጋጥመኝ ዋናዎቹን ቁጥሮች እስካይ ድረስ አልቀበለውም።

እንዲህ እየተጣራ ሲነበብ ከስሌቶቹ ውስጥ ጎልቶ የሚወጣው የኢምፕላንቱ ቦታ ጉዳይ ነው። ኢምፕላንቱ በሁለተኛው መንጋጋ ጥርስ ቦታ፣ በኮርቻው ጫፍ አካባቢ ሲተከል የኮርቻው ኋላ መስመጥ በደንብ ይቀንሳል፣ ድዱም ያርፋል፤ አንደኛ ምድብ ወደ ሦስተኛ ተለወጠ የሚባለውም በዋናነት እዚህ ላይ ነው። ወደ ፊት፣ ከደጋፊው ጥርስ አጠገብ ሲተከል ደግሞ በተለይ ጥርሱን ያግዘዋል፤ ከኢምፕላንቱ በስተኋላ የቀረው ረጅም የኮርቻ ክፍል ግን አሁንም በድድ ላይ ብቻ ስለሚተኛ መስመጡን አይተውም፤ የመዞሪያው ነጥብም ወደ ኢምፕላንቱ ሊዛወር ይችላል። በአንደኛው መንጋጋ ጥርስ ቦታ መትከል በሁለቱ መካከል የሚያስታርቅ ምርጫ ሆኖ ይታያል፤ የማኘክ ኃይሉ የሚበረታበት ቦታም ይኸው አካባቢ ነው። ኮምፒውተሩ የማያየው ግን ሐኪሙ ያያል፦ ከኋላ በኩል በታችኛው መንጋጋ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ፣ በላይኛው መንጋጋ ደግሞ ሳይነስ የሚባለው አየር የያዘ ክፍተት የአጥንቱን ቁመት ይገድባሉ፤ ከፊት የተተከለ ኢምፕላንት ደግሞ አስቀያሚውን የብረት ክንድ ለማስቀረትና ወደፊት ቋሚ ጥርስ ለመሥራት ያመቻል። ስለዚህ በስሌቱ ያሸነፈው ቦታ ሁልጊዜ የሚመረጠው ቦታ አይሆንም፤ ይህንንም የስሌቱ ጉድለት አድርጎ መቁጠር ተገቢ አይመስለኝም።

ማያያዣውም ሸክሙን ያከፋፍላል። በኢምፕላንቱ አናት ላይ ጉልላት ያለው ዝቅተኛ ክዳን ብቻ ማድረግ ኮርቻውን ከሥር ይደግፈዋል እንጂ አይዘውም። ኳስ መሰል ማያያዣ ወይም ናይለን የገባበት፣ ሎኬተር የሚባል ማያያዣ እንዳይወልቅም ይይዛል፣ ለትንሽ መሽከርከርም ቦታ ይተዋል። ማያያዣው ይበልጥ ግትር በሆነ ቁጥር ሸክሙ ይበልጥ ወደ ኢምፕላንቱ፣ ይበልጥ ለስላሳ በሆነ ቁጥር ደግሞ ወደ ድዱ ያዘነብላል። በደጋፊው ጥርስ ላይ ያለው ማረፊያ በጥርሱ የፊት በኩል መሆኑ ወይም የኋላ በኩል መሆኑ ኮርቻው ሲሰምጥ ጥርሱ ወዴት እንደሚገፋ ይወስናል፤ ኢምፕላንት ከተጨመረ በኋላ ግን መስመጡ ራሱ ስለሚቀንስ የዚህ ምርጫ ክብደት እንደበፊቱ አይሆንም። የኢምፕላንቱ ርዝመት ብዙ ሰው የሚጠብቀውን ያህል ለውጥ አያመጣም፤ ከፍተኛው ውጥረት የሚሰበሰበው በአንገቱ ዙሪያ ባለው ጠንካራ አጥንት ስለሆነ፣ ስፋቱ ከርዝመቱ ይልቅ ይሠራል።

ስሌቱ የማይደርስባቸው ነገሮች ግልጽ ናቸው። ሞዴሉ አንድ ንክሻን ያሰላል እንጂ የዓመታትን ማኘክ አያሰላም፤ አጥንቱ በውስጡ አይመነምንም፣ አያድግም፣ አይቆስልም፤ የአፍ ንጽሕና፣ ሲጋራና የስኳር ሕመም በቁጥሮቹ ውስጥ የሉም። በዚህ ላይ ብዙዎቹ ሞዴሎች የተሠሩት ከአንድ ሰው መንጋጋ ነው። ስለዚህ ስሌቱ በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችለው፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ፣ ይህ ንድፍ ከዚያኛው ይልቅ ለዚህ አካል ሸክም ይቀንሳል የሚለውን ነው። ይህ ኢምፕላንት አሥር ዓመት ይቆያል የሚል ቃል ከእሱ መጠበቅ የለበትም፤ ያን ሊናገሩ የሚችሉት ታካሚዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ናቸው።

ሆኖም የጊዜን ነገር በከፊል ወደ ሞዴሉ ማስገባት ይቻላል። ከኮርቻው በታች ያለው አጥንት በጊዜ ብዛት ዝቅ ሲል በኮርቻውና በድዱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ይህን ክፍተት፣ ለምሳሌ 0.3 ሚሊ ሜትር አድርጎ፣ በሞዴሉ ላይ መሣልና ስሌቱን እንደገና ማካሄድ አስቸጋሪ አይደለም። ድዱ ሸክሙን መካፈል የሚጀምረው ክፍተቱ ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ የኋላው ጫና በሙሉ በኢምፕላንቱና በብረቱ አካል ላይ ይወድቃል፤ ኮርቻውም ከኢምፕላንቱ በላይ ይታጠፋል፣ ናይለኑ ይበላል፣ በኢምፕላንቱ አናት ላይ ሳስቶ የቀረው አክሪሊክ፣ ማለትም የኮርቻው ፕላስቲክም ሊሰነጠቅ ይችላል። ኢምፕላንት የሌለው የሚወልቅ ጥርስ ሥሩ ሲጎድል መወዛወዙ ስለሚታወቅ ባለቤቱ ራሱ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ኢምፕላንት ያለው ግን ሳይወዛወዝ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ስለሚችል፣ ክፍተቱ መፈጠሩን የሚያሳየው በቀጠሮ በሚደረግ ምርመራ ላይ ከኮርቻው ሥር የሚገባ ሊጥ መሰል መለኪያ ነው፤ መለኪያው ወፍሮ ከወጣ የኮርቻው የውስጥ ገጽ በአዲስ አክሪሊክ ይሞላል።